የንጉሡ ልጅ ልክ

አሁንም ድረስ ሳስበው ክው እላለሁ። በቴአትር ቤታችን የጫማ ሠራተኛ ነኝ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ተዋናይ መድረክ ላይ ሲወድቅም፣ መጋረጃ በእሳት ሲያያዝም አይቻለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም።

ነገሩ የደረሰው በአልባሳት ሠራተኛችን ላይ ነው። ከቅጥነቷ የተነሳ «መርፌ» እንላታለን፤ ምላሷም ስለሚወጋ ስሙ ይስማማታል። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በልጅነቷ ተረት ሲነግሯት ሌላው አባት «አንዲት ቆንጆ የንጉሥ ልጅ ነበረች» ብሎ የሚያልፈውን፣ እሳቸው የልጅቷን ልክ በሳንቲሜትር ሳይጠሩ አያልፉም። ወገቧ ስልሳ አራት፣ ቀኝ እጅጌዋ ሃምሳ አምስት፣ ግራው ሃምሳ ሁለት። ግራው ለምን አጠረ ስትላቸው፣ የንጉሥ ልጅም ብትሆን ከዛፍ ትወድቃለች ይሏት ነበር። ልብስ ሰፊ በቀጠሮ ይዋሻል፤ በልክ ግን አይዋሽም።

ዘንድሮ የንጉሥ ልጅ ያለችበት ቴአትር ሲመጣ፣ መርፌ ቀሚሱን በተዋናይቷ ሳይሆን በተረቱ ልክ ሰፋችው። ለተዋናይቷ በኋላ አስተካክለዋለሁ አለች። ምክንያቱን ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። የተረቱ የንጉሥ ልጅ እናቷ ናቸው ብላ ታምናለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ ሳቅ ረስተዋል፤ ቀሚሱን ሲያዩ ባላቸው እንዴት ይወዷቸው እንደነበር እንዲያውቁ ፈለገች። አጭሩን እጅጌ የአባቷ ቀልድ ነው ብላ እንዳለ ተወችው። እኔም ሞኙ ስሰማ እንባዬ መጣ።

እኔ የተዋናይቷን ጫማ ይዤ ስፌት ክፍሉ ውስጥ ሳለሁ እናቷ ከታላቅ እህታቸው ጋር መጡ። እኚህ አክስት አባትየው በሕይወት ሳሉ ቤታቸውን ረግጠው አያውቁም፤ መርፌም የምታውቃቸው ከለቅሶው ወዲህ ነው። መርፌ የተረቱን ነገር እየሳቀች አጫወተቻቸውና ቀሚሱን ለእናቷ አለበሰች። እናትየው ረጅም ሴት ናቸው። ሁለቱም እጅጌዎች ከእጃቸው አንጓ በላይ ቀሩ። መርፌ ፊቷ ጠቆረ፤ አባዬ ልኩን ረስቶታል ማለት ነው አለች።

እናትየው ቀሚሱን አውልቀው ለእህታቸው ዘረጉላቸው።

«እትዬ፣ ልበሺው።»

አክስትየው እምቢ አሉ፤ እናትየው ግን እጃቸውን አላጠፉም። አክስትየው ለበሱት። ወገቡ ተቆለፈ። ቀኙ እጅጌ አንጓቸው ላይ አረፈ፤ ግራውም አንጓቸው ላይ አረፈ። የያዝኩት ጫማ ከእጄ ወደቀ። መርፌ የአክስቷን ግራ ክንድ እያየች ደርቃ ቀረች።

አክስትየው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። የመርፌ አባት መጀመሪያ እሳቸውን ሊያገቡ ለሰርጉ ልካቸውን ወስደው እንደነበር፣ የሙሽራው ቤተሰቦች ግን ክንዷ ጎደሎ ነው ብለው ታናሽ እህቷን እንደመረጡ በቀስታ ተናገሩ።

መርፌ እናቷ እግር ላይ ወደቀች።

«እማዬ፣ አላወቅኩም።»

«እኔ አውቅ ነበር» አሉ እናትየው። «ተረቱን አጠገብሽ ተኝቼ ነው ስሰማው የኖርኩት። አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሲሰፋልኝ ግን አንድ ቀን ሜትር አሳርፎብኝ አያውቅም፤ በግምት ነው።»

ከዚያ ልጃቸውን አስነሷት፣ ሜትሩንም ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሰጧት።

«እስቲ አንቺ ለኪኝ» አሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።