ሙሽራው ከጥንቶቹ መቃብር ውስጥ

ወይዘሮ ታንጉት በቡሬ ዙሪያ ሙሾ በማውረድ የታወቁ ሴት ነበሩ። ለቀስተኛውን አስለቅሰው ሲያበቁ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ የሚያስቁትም እሳቸው ናቸው።

በጣሊያን ጊዜ የእኅታቸው ልጅ አቻምየለሽ አለኸኝ ለሚባል ጎበዝ ታጨች። አለኸኝ ግን ጫካ ገብቶ አርበኛ ሆነ። መንደር ውስጥ ሰርግ ቢደገስ ሙሽራው መያዙ ነው። ታንጉት ሲያስቡ ሰነበቱና፣ "ወደ ጥንቶቹ መቃብር ወስደን እንድራቸዋለን" አሉ።

መቃብሩ ከመንደሩ ራቅ ብሎ ጉብታ ላይ ነው። በቆሙ ድንጋዮች ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሞበታል፤ ከሥሩ ሰው አጎንብሶ የሚገባበት ክፍተት አለ። ከክርስትና በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው ከማለት በቀር ማን እንደተቀበረበት የሚያውቅ የለም።

በቀጠሮው ቀን ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ጠላና ዳቦ ተሸክመው ወጡ። ሙሽሪት ጥልፍ ቀሚሷን ባሮጌ ጋቢ ሸፍናለች። ኬላው ላይ አንድ የጣሊያን መኮንንና አስተርጓሚው ክንፈሚካኤል አስቆሟቸው።

"ወዴት ነው፣ እሜቴ?" አለ አስተርጓሚው።

"ለተዝካር" አሉ ታንጉት።

"ማን ሞቶብዎት?"

"ከጉብታው ላይ የተቀበሩት አያቶቻችን።"

"መቼ ሞቱ?"

"እኔ ምን አውቄ! ቆይተዋል።"

መኮንኑ ይህ ሲተረጎምለት ፊቱ በራ። ለካስ ጥንታዊ መቃብር ማየት ነፍሱ ነው። ፈረሱን አስመጣና አብሬ እሄዳለሁ አለ። እምቢ አይባል ነገር! ሴቶቹን ያን ጊዜ የእውነት ለቅሶ መጣባቸው።

እንደ ደረሱ መኮንኑ ድንጋዩን ዞረው፣ ዳሰሰው፣ ፎቶግራፍ አነሣው። ከዚያ ውስጡን ሊያይ ወደ ክፍተቱ ተጠጋ። አለኸኝ ጠመንጃውን ታቅፎ እዚያው ውስጥ ተኝቷል። ታንጉት ደረታቸውን እየደቁ ከመግቢያው ፊት ቆሙና አወረዱት፦

"ከድንጋዩ በታች የተኛኸው ጀግና፣
እንግዳው እስኪሄድ ተኛ እንደገና!"

ሴቶቹ ዋይ ዋይ አሉ። መኮንኑ ደንግጦ፣ "ምን እያሉ ነው?" ሲል ጠየቀ።

ክንፈሚካኤል የዚያው አገር ልጅ ነውና ነገሩ ገባው፤ ጥልፉም ከጋቢው ሥር ብቅ ሲል አይቶታል። ሳቁን እንደምንም ዋጠና፣ "ሙታኑ በሰላም ይረፉ ነው የሚሉት። ባዕድ ከገባባቸው ግን ለቅሶው እንደ አዲስ ይጀመራል" አለው።

መኮንኑ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣና ፈረሱ ላይ ወጣ። ክንፈሚካኤል ሊከተለው ሲል ወደ ታንጉት ጠጋ አለ። "እሜቴ፣ ሙሽራውን ብርድ ሳይመታው ያውጡት።"

ፈረሶቹ ከዓይን ሲርቁ አለኸኝ አቧራውን እያራገፈ ወጣ፤ ቁጥቋጦ ውስጥ የቆዩት ሚዜዎችና ቄሱም መጡ። አቻምየለሽ ጋቢዋን ወረወረች። እልልታው መጀመሪያ ፈራ ተባ ሲል ቆየ፤ ጠላው ሲዞር ግን ማን ይከልክለው!

ክንፈሚካኤልም ብዙ አልቆየም፤ ክረምቱ ሲገባ ከድቶ ከአለኸኝ ጋር ተሰለፈ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የሙሽሮቹን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። በዚያ ድግስ ታንጉት እየዘፈኑ ሲያስጨፍሩ፣ ካረጁ ወዲህ የያዛቸው የጉልበት ሕመም እንኳ ትዝ አላላቸውም።