በዘይቱ ቀዳዳ የቀረ ክር

ያን ጾም እንዴት አድርጌ እረሳዋለሁ! ጣሊያን አገሩን ይዞ ነበር። እኔም፣ አይፈረድብኝ፣ ከቀራንዮ ወረድ ብሎ፣ ዛሬ አየር ጤና በሚባለው በኩል፣ የአንድ ጣሊያን ሾፌር ካሚዮን ሞተር አድስ ነበር። ሚስቴ ከተማው ሲታመስ ነፍሰ ጡር ሆና ወልቂጤ አጠገብ እናቷ ዘንድ ሄዳ፣ እዚያው ወንድ ልጅ ተገላገለች አሉኝ። አይቼው አላውቅም። ሾፌሩ በተሰባበረ አማርኛ፣ ሞተሩን ለእሑድ ካደረስኩለት ይዞኝ ሄዶ ሁለቱንም ጭነን እንደምንመለስ ነገረኝ። እኔ ሞኙ ወዲያው በነጋዴ ላክሁባት፤ "እሑድ ልጁን ይዘሽ መንገድ ዳር ጠብቂኝ።"

አለቃዬ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ሞተር ሲታደስ ከሁሉ የሚፈሩት በብረቱ ሆድ ውስጥ የሚሄዱትን ቀጫጭን የዘይት መንገዶች ነበር። በላምባ ካጠብናቸው በኋላ በረጅም የአውራ ዶሮ ላባ እንጠርጋቸዋለን። ከዚያ እሳቸው በአንዱ ጫፍ እፍ ይላሉ፤ እኔ ጉንጬን ሌላው ጫፍ ላይ እለጥፋለሁ። "ደረሰኝ" ካላልኩ አይገጠምም። "ጨርቅ እንዳታስገባ፣ ክር ይጥላል፤ ዘይቱ ከተዘጋ ብረት ብረትን ይነክሳል" ይሉኝ ነበር።

ቅዳሜ እሳቸው ለቅሶ ሄዱ። ላባችን ደግሞ ተመናምኖ አልቋል። በዐቢይ ጾም በሰፈሩ ማን ዶሮ ያርዳል? ከጎረቤት አውራ ዶሮ ጭራ ልነቅል ስል ባለቤቲቱ ዘነዘና ይዛ አባረረችኝ። ኪሴ ውስጥ ሚስቴ ጥላው የሄደች የነጠላ ቁራጭ ነበረች፣ አረንጓዴ ጥለት ያላት። ስተኛ ፊቴ ላይ የማደርጋት እሷን ነበር። ከዚህ የነጻ ጨርቅ ከየት ይመጣል አልኩና ቀደድኳት፤ ሽቦ ጫፍ ላይ አስሬ በየቀዳዳው ሳብኳት። እፍ አልኩ። በሌላው ጫፍ ጉንጩን የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም። ደርሶ ይሆናል ብዬ ገጠምኩት።

እሑድ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ እንዴት ያምር ነበር! ሾፌሩ ያፏጫል፣ እኔ ለልጄ ስም እመርጣለሁ። ቱሉ ቦሎ ሳንደርስ ከሥር ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ ጓ ብሎ ነከሰና ቆመ። በሌላ ካሚዮን ተጎትተን ተመለስን። ሾፌሩ ከሰደበኝ ስድብ ግማሹ አልገባኝም፤ እንኳንም አልገባኝ።

አለቃዬ ሞተሩን ፈትተው ከአንዱ ቀዳዳ በመርፌ አንድ ክር ሳቡ። ጠቁሯል። በላምባ ሲያጥቡት አረንጓዴ ሆነ። አዩኝና ክሩን መዳፌ ላይ አኖሩት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋሲካ ሲያልፍ ላባ በየደጁ ተበተነ። ጠረግን፣ እፍ አሉ፣ "ደረሰኝ" አልኩ፣ ገጠምን። ሾፌሩም ቁጣው በርዶለት ይዞኝ ሄደ፤ በሰላም ወልቂጤ ገባን። የሚስቴ እናት ቤት ባዶ ነበር። ውጊያው ቀርቦ የአካባቢው ሰው ሸሽቷል፤ የቀሩት አንዲት አሮጊት ጎረቤት ብቻ ናቸው።

"ባሏ አንተ ነህ እንዴ?" አሉኝ። "አይ ልጄ! ዘመዶቿ እንሽሽ ሲሏት አሻፈረኝ ብላ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ልጇን አዝላ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ካሚዮን በመጣ ቁጥር ብድግ ትላለች። በአራተኛው ቀን እያለቀሰች ተከተለቻቸው።"

ወዴት እንደሄዱ አያውቁም። ጣሊያን ከወጣ በኋላም አገር ላገር ዞሬ ፈለግኋት፤ አላገኘኋትም። እንዴት እንደምትናፍቀኝ! ልጄንማ መልኩን እንኳ አላውቀው፣ ምኑን ልናፍቅ? ግን ይናፍቀኛል።

ይኸው አርጅቼም ሞተር አድሳለሁ። ሌላው እፍ ሲል ጉንጬን ቀዳዳው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ነፋሱ ይመጣል። "ደረሰኝ" ማለት ግን አቅቶኝ፣ በአዎንታ ጭንቅላቴን ብቻ እነቀንቃለሁ።