አያ ድረስ የተቀመጡበት ገመድ

ሰሞኑን ደግሞ ቤት ልቀይር ተነሣሁና ፍራሼን የማስርበት ገመድ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወረድኩ። አንድ ግድግዳ ሲሰለቸኝ እቃዬን እሸክፋለሁ፤ እናቴ «አንቺን የወለድኩሽ መንገድ ላይ ነው እንዴ?» የምትለኝ ለዚህ ነው። ባለሱቁ ዝናብ የነካውን የቃጫ ገመድ ፊቴ ዘርገፍ ሲያደርገው ያ ሽታ፣ የረጠበ ሣርና የአህያ ጀርባ የተቀላቀለበት የሚመስለው ሽታ፣ ጎትቶ ቢቸና ወሰደኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ ጥር ወር፣ አዝመራው ገብቶ ከከተማው ዳር ያለው ማሳ ሁሉ ባዶውን የተንጣለለበት ጊዜ።

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ቲቸር ገመቹ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር፤ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ፣ ኪሱ ሁልጊዜ ጠመኔ። «ጂኦግራፊ የሚማሩት በእግር ነው፣ በመቀመጫ አይደለም» ይልና እንደ ፍየል ከክፍል ይነዳናል። ዴስክ ላይ ስቀመጥ እግሬን የሚበላኝ ልጅ ስለነበርኩ ለእኔ ገነት ነበር። ያን ዓመት በየቡድናችን የአንድ ሰፈር ካርታ እንድንሠራ አዘዘንና፣ ካርታው ያማረለት ቡድን ሞጣ ሄዶ ለዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንደሚያሳይ ነገረን። ሞጣ! እኔ ከቢቸና ወጥቼ የማውቀው ጁቤ ከተማ ያለችው አክስቴ ቤት ድረስ ነው። በየማለዳው የአውቶብሱ ረዳት በራችን ላይ «ሞጣ! ሞጣ!» እያለ ሲጮህ እኔን በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኛል።

ቡድናችን እኔና ጎረቤቴ ብርቱካን ነበርን፤ ከሥራ ይልቅ ሳቅ የሚቀናት ልጅ ናት። የአባቷን የጭነት ገመድ ወሰድንና በእኩል በእኩሉ ቀይ ጨርቅ ቋጠርንበት፤ ያ መለኪያችን ነው። ካርታውን በምናስረክብበት ዋዜማ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ወረድን፤ ገመዱን ውኃ ውስጥ እየጎተትን ተሻገርንና ከዳር ያለው ማሳ ላይ ዘረጋነው።

ቲቸር ገመቹ የሌላ አገር ሰው ነውና አያውቅም፤ እኛ ደግሞ ልጆች ነንና አላሰብነውም። የመሬት ድልድሉ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ገመድ ይዞ ማሳ የገባ ሰው የአንዱን ቆርሶ ለሌላው ሰጥቶ ነበር የሚወጣው። የማሳው ባለቤት አያ ድረስ ከደጃቸው ሆነው አይተውናል። ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወረዱ፤ «እንደምን ዋላችሁ» እንኳ ሳይሉ ገመዳችን ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«አያ፣ ይነሡልን እንጂ» አልኳቸው።

«አልነሣም። መሬቴ አንዴ ተለክቷል። ካማራችሁ እኔን ለኩኝ!»

«እኛ እኮ ተማሪዎች ነን፣ አያ» አለች ብርቱካን፣ ሳቋን በነጠላዋ አፍና።

«ያን ጊዜም የለካው የተማረ ነበር!»

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ደግሞ የለኪ ልብ በምን እንደሚለዝብ የሚያውቁ ሴት ናቸውና ትኩስ ዳቦና እርጎ ይዘው ከተፍ አሉ። «ብሉ ልጆቼ፣ ርቧችሁ እጃችሁ እንዳይስት» ይላሉ። ባል ገመዱ ላይ ተቀምጠው ያፈጡብናል፤ ሚስት ያጎርሱናል። ብርቱካንማ ደስ ብሏት ሁለተኛውን ጣሳ እርጎ ያዘች። እኔ ግን ዳቦዬን እያላመጥኩ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ፤ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፣ ሞጣም አብራ እየጠለቀች። በመጨረሻ አፌ እንደሞላ ጮህኩ፤

«አያ፣ እርስዎ ካልተነሡ እኔ ሞጣን ሳላይ ላረጅ ነው!»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ሞጣ ማን አለሽ?»

«ማንም የለኝም። ለዚያ እኮ ነው ማየት የምፈልገው!»

ወረቀቴን በአገጫቸው ጠቆሙ። «ስሜ ይጻፍበታል?»

«ይጻፋል።»

«በእስክርቢቶ?»

«በእስክርቢቶ።»

ተነሡ። መነሣት ብቻ አይደለም፣ ብርቱካንን ከገመዱ ጫፍ ገለል አድርገው ራሳቸው ያዙት። እኔ ለመጻፍ ባጎነበስኩ ቁጥር እሳቸው ሹልክ እያሉ ወደ እኔ ስለሚጠጉ ገመዱ ይረግባል፣ ማሳው በወረቀት ላይ ይሰፋል። እትዬ ጥሩዬ ከዳር ሆነው «አንተ ሰውዬ፣ ገመዱ ላልቷል!» ቢሏቸው፣ «ዝም በይ! ማዶ ያለው የወንድምሽ ማሳ ስለሆነ ነው!» አሉ። የወንድምየውን ስንለካማ ገመዱን እንደ ክራር ክር ወጠሩት። እኛ በሳቅ ወድቀን ነበር፤ ደግመን እንዳንለካ ደግሞ መሸ።

በማግስቱ የሌሎቹ ቡድኖች ካርታ ንጹሕ ነበር፤ ቤት ቁጭ ተብሎ የተሣለ ነዋ። የእኛ ላይ ጭቃም እርጎም አለበት። ቲቸር ገመቹ አንስቶ አሸተተውና «ይኼኛው ሜዳ ወርዷል» አለ።

ሞጣ የገባሁት የጠጠሩ መንገድ አቧራ ፀጉሬን አሽብቶት ነው። ከተማዋ እንደ ቢቸና ከተማ ናት፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ሱቅ አፌን ከፍቼ አየሁ። ካርታችንን ስንሰቅለው አንዲት የሞጣ ተማሪ እጇን አወጣች፤ «ይህ የአያ ድረስ ማሳ የሚባለው ለምንድን ነው ከሁሉ የሚበልጠው?» እኔም «ገመዱን የያዙት እሳቸው ናቸዋ!» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፣ ቲቸር ገመቹም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተማ አየሁ፤ የዚያን ቀን ያህል የሰፋብኝ የለም።

ቲቸር ገመቹ ወደ አገሩ ተዛወረ። ብርቱካን አግብታ ርቃ ሄደች፤ በዓል ሲመጣ በስልክ እንሳሳቃለን። አያ ድረስ አርፈዋል፤ ካርታውን ግን እትዬ ጥሩዬ ለምነው ወስደው እልፍኛቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። ማሳው ዛሬ በቆርቆሮ ቤት ተሞልቷል። ስልኬ ላይ ባለው ካርታ ፈልጌው አውቃለሁ፤ ባሰፋው ባሰፋው ግራጫ ነው፣ ስም የሚባል አልተጻፈበትም።

ባለሱቁ ገመዱን በክንዱ እየለካ ግጥም አድርጎ ሲወጥረው ባየሁ ጊዜ አላስቻለኝም።

«ኧረ ላላ አድርገህ ለካ፣ ወንድሜ» አልኩት። «እኔ ይህን ነገር ከባለሙያ ነው የተማርኩት።»