ዓይናማዋና ሦስቱ ኳሶች

በስቱዲዮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ዓይናማዋ» ነው የሚላት። ሥራዋ የተቀረጸ ፊልም ቀለም ማስተካከል ነው፤ የገረጣውን ፊት ታፈካለች፣ የጠቆረውን ሰማይ ትገልጣለች። ልማዱ ታዲያ ቤት ድረስ ይከተላታል። እህቷ አዲስ መጋረጃ ሰቅላ «እንዴት ነው?» ብትላት፣ «ቀዩ ትንሽ ቀነስ ቢል» ብላ አስኮርፋታለች። የልብሷ ቀለም ስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ ሁልጊዜ ግራጫ ስለምትለብስም፣ ያቺው እህቷ «አንቺ አመድ ውስጥ ነው እንዴ የምታድሪው?» ትላታለች።

አንድ ቀን የስቱዲዮው ባለቤት ትልቅ ካርቶን አቅፎ እያለከለከ ገባ። ከውስጡ ሦስት ኳሶችና መዓት ቁልፎች ያሉት ጠፍጣፋ መቆጣጠሪያ ወጣ፤ ቀለሙ የሚስተካከለው ኳሶቹን በማሽከርከር ነው። አዲሱ የቀለም ሶፍትዌር ኮምፒውተሯ ላይ ተጭኗል፤ መቆጣጠሪያውን ደግሞ ሻጩ እስከ ዓርብ ለሙከራ ሰጥቶታል።

«እኔ በማውሴ ምን አጠፋሁ?» አለች ዓይናማዋ።

«ምንም። ሞክሪው ብቻ።»

«ይሄ እኮ አውሮፕላን ማብረሪያ ነው!»

«እንግዲያው ቀበቶሽን እሰሪ» ብሏት ወጣ።

እያጉረመረመች ተቀመጠች። የያዘችው የሠርግ ፊልም ነበር። መካከለኛውን ኳስ ነካ ብታደርገው ሙሽራዋ ድንገት አረንጓዴ ሆና ቁጭ አለች። አጠገቧ የሚሠራው ኤዲተር ቀና ብሎ «ምነው፣ ሙሽራዋ ሐሞቷ ፈሰሰ?» አላት።

ዓይናማዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማውሷን አነሳች። «ለሻጩ ይመለስለት! አይሆነኝም።»

ይህን ብላ ግን አላስቻላትም። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ እንዳትታይ በሩን ቀርቅራ ወደ ኳሶቹ ተመለሰች። ለመለማመጃ የወንድሟን የድሮ ሠርግ ከፈተች። እዚያ ውስጥ ሟች እናቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ግን ጨለማ ነው። በማውስ ስንቴ ሞክራዋለች። ፊቱን ስታበራ መስኮቱ ይነጣል፤ መስኮቱን ስታደበዝዝ ፊቱ ይጠፋል። አሁን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል በግራ እጇ በአንዱ ኳስ ጥላውን ከፍ፣ በዚያው ቅጽበት በቀኝ እጇ በሌላው ብርሃኑን ዝቅ አደረገች። እናቷ ከጨለማው ብቅ አለች፤ ጉንጯን ሞልታ እያላመጠች፣ ካሜራውን በቁጣ እያየች። ዓይናማዋ እያለቀሰች ሳቀች።

ዓርብ ሻጩ መቆጣጠሪያውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ሁለት መዳፎቿን ኳሶቹ ላይ ጭና «ሥራ ይዣለሁ» አለችው። ባለቤቱ አንዴ አያትና ሰውዬውን ለዋጋ ክርክር ወደ ቢሮው ይዞት ገባ።

በማግስቱ እናታቸውን ልታሳያት እህቷን አመጣቻት። እህቷ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከዚያ፣ «ቀሚሷ ግን ሰማያዊ አልነበረም፤ አረንጓዴ ነው» አለች።

«ለኔ? ቀለም ለኔ ልታስተምሪ?»

«የእማዬን ቀሚስ ነው የማስተምርሽ!»

አልተስማሙም፤ ለአክስታቸው ተደወለ።

«አረንጓዴ ነው» አለች አክስት ሳታመነታ። «የገዛሁት እኔ ነኛ! ለሠርጉ ብላ ተውሳኝ በዚያው አስቀረችው።»

ዓይናማዋ ኳሱን ወደ አረንጓዴው ገፋ አደረገች። እህቷም ወንበር ስባ አጠገቧ ተደላደለችና «ጨምሪበት፤ ትንሽ፤ አሁንም ትንሽ» እያለች ታዛት ጀመር።