ለአንዲት መኪና አምስት ጊዜ የገባው ሰው

ፖከር ያስተማሩኝ እነሱው ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሰባዎቹ ሲጀምሩ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ የነበርን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ስብሰባው በአገር ጉዳይ ይጀመርና በካርታ ያልቃል። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ የፈለጉኝ ሻይ እንዳቀርብላቸው ነበር፤ አላቀርብም ስል፣ አንድ ቀን ተጫዋች ጎደለና ካርታ ሰጡኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሁሉንም ከፊታቸው አነባቸው ጀመር። ጥሩ ካርታ ሲይዙ ጸጥ፣ መጥፎ ሲይዙ ስለ አብዮት ወሬ። እነዚህን ማሸነፍ ምን ይከብዳል?

የተማሪ ማኅበራችን ሊቀመንበር ስለ ጭሰኛ ሲናገር ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ጽሑፍ አባዝቶ በየዩኒቨርሲቲው ይበትናል፤ ከመካከላችን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይኸው ሰው አብሮን የሚማረው የደጃዝማቹ ልጅ በሩን ከፍቶ ሲገባ ከወንበሩ ብድግ ይል ነበር። እግሩ ነው የሚነሳው፣ ሳያስበው። ቀጥሎ መነሳቱ ትዝ ይለውና መስኮት ሊከፍት የተነሳ ይመስላል። ያ መስኮት የተከፈተው ሁሉ ንጹህ አየር ለመሳብ አልነበረም።

የደጃዝማቹ ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ለጋስ ነው፣ ሳቂታ ነው። ጣራዋ የሚከፈት ቀይ መኪና ነበረችውና ሁላችንንም ተራ በተራ የሆነ ቦታ አድርሶናል፤ አንዱን ጥርስ ሐኪም ጋ፣ ሌላውን ኤርፖርት። በሕይወቱ አንድም ነገር አልቆበት አያውቅም። እንዲህ ዓይነት ሰው ማለቅ የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ አይገባውም።

ነገሩ የመጣው አንድ ልጅ ተመርቆ አገር ቤት ሊመለስ ሲሆን ነው። ኤሊ የምትመስል ሰማያዊ መኪና ነበረችው። አሮጌ ናት፣ ግን ትሄዳለች። አምስት ሰዎች ለየብቻችን ለምነነው ለአምስታችንም «እናያለን» ብሎናል። ሰው ፊት እምቢ ማለት ሞት የሚመስለው ፍጡር ነበር። መሄጃው ሲደርስ ጭንቅ ያዘውና መፍትሔ አገኘሁ አለ፦ ካርታ እንጫወት፣ ያሸነፈ ይውሰዳት። ለመግቢያ ሰው ሁሉ አምስት ዶላር ያዋጣል፣ ገንዘቡም ለማኅበሩ ይሆናል። ማኅበሩ ማለት የሊቀመንበሩ ወረቀትና ቀለም ነው።

እኔ መኪናዋን የፈለግኋት ለሽርሽር አልነበረም። ነርስነት እማር ነበርና ለልምምድ ራቅ ብላ ባለችው ፍሪሞንት ከተማ ያለ ሆስፒታል ተመደብኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ውስጥ መገኘት አለብኝ። የከተማው ባቡር ገና ሥራ አልጀመረም፤ ከኦክላንድ የሚነሳው የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚያደርሰኝ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አስተማሪያችን ቀጭን፣ ደረቅ ሴትዮ ነበረች። ሦስት ቀን ያረፈደ ከትምህርቱ ይሰናበታል ብላ በመጀመሪያው ቀን ነገረችን። ልምምዱ የሚጀመረው ጨዋታው ባለቀ በማግስቱ ሰኞ ነበር። መኪናዋ ለእኔ ትምህርቴ ነበረች፤ ይህን ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ከደጃዝማቹ ልጅ በቀር። እሱ የሰው ችግር ጠይቆ አያውቅማ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መኪናዋን ያልለመኑ ሦስት ሰዎችም ተጨምረው ስምንት ሆነን ጠረጴዛ ከበብን። በገንዘብ ፋንታ ቦሎቄ ተቆጥሮ ለያንዳንዱ ሰው ሃምሳ ፍሬ ተሰጠ። ቦሎቄው ያለቀበት ይወጣል፣ ሁሉንም የሰበሰበ መኪናዋን ይወስዳል። ከዚህ የቀለለ ሕግ የለም።

አንድ ሰዓት ሳንጫወት የደጃዝማቹን ልጅ አስወጣሁት። ሁለት ጥንድ ይዞ ቦሎቄውን ሁሉ ወደ መሃል ገፋ፣ እኔ ሦስት አስር ነበረኝ። ቦሎቄውን ወደ እኔ ስስብ ባዶውን ጠረጴዛ አየና «ምነው፣ አለቀ እንዴ?» አለ። ምግብ ቤት ገብቶ ጥብስ አልቋል የተባለ ነበር የሚመስለው። ከወንበሩ አልተነሳም። ማንም ደግሞ ተነሳ ሊለው አልደፈረም። አንዱ ጣራ አየ፣ አንዱ ጫማውን አየ። ሁሉም የተጓዙባት ቀይ መኪና በመስኮቱ ትታያለች።

ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንደሚመስለኝ፣» አለ፣ «ሌላ አምስት ዶላር ከከፈለ ሪ-ኢንተር ቢያደርግ ችግር የለም። በፕሪንሲፕል ደረጃ።»

«የወጣ ወጥቷል፣» አልኩ። «አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው።»

«ኖ፣ ኖ፣ ተረጂኝ እህቴ። ሩሉ ለሁሉም ኢኳል ነው። አንቺም ብትወጪ ከፍለሽ ትገቢያለሽ። ማንም ዲስክሪሚኔት አልተደረገም።»

የነበረኝን አምስት ዶላር ጠዋት ሰጥቼዋለሁ። የተረፈኝ የሳምንቱ የአውቶቡስ ሳንቲም ነበር፤ እሱም ያውቃል። ስለ ባላባትና ጭሰኛ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ወረቀት የሚናገር ሰው እኩልነት ማለት ለሁሉም እኩል የተከፈተ በር ነው ብሎ ፊቴ ቆመ። በዚያች ደቂቃ ናቅሁት። ክብሩ እስከ ዛሬም አልተመለሰልኝም።

እጅ ይውጣ ተባለ። ሁሉም አወጡ፤ ባለ ሰማያዊ መኪናውም አወጣ፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ።

«እንዲያውም ላንቺ አይሻልም?» አለኝ ሊቀመንበሩ ሃምሳ ፍሬ እየቆጠረለት። «አዲሱን ቦሎቄ የምትበይው አንቺ ነሽ!»

እንዲህ የሚያስብ ሰው ቦሎቄ ለሾርባ ነው የሚሰበስበው። እኔ የፈለግሁት መኪና ነው፣ መኪናዋ ደግሞ አንድ ናት። የደጃዝማቹ ልጅ አንዴ ቢቀናው በቃው፤ እኔ ግን በመጣ ቁጥር ማሸነፍ አለብኝ። አንዴ ብሳሳት አለቀልኝ። እሱ ይህ ስለገባው አይደለም፣ በተፈጥሮው ግን እንዲያ ነበር የሚጫወተው። ካርታውን በቅጡ ሳያይ ሃምሳውንም ይገፋል። እኔ ደህና ካርታ ይዤ እጥላለሁ፣ ምክንያቱም የእኔ ሃምሳ ሁለተኛ የለውም። እሱ ሲሳሳት ይስቃል፣ እኔ እንዳልሳሳት ላብ ያጠምቀኛል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ሁለት የተለያየ ጨዋታ ነበር የምንጫወተው።

ሁለት ጊዜ ደግሜ አስወጣሁት፣ አንድ ጊዜ ሌላ ሰው አስወጣው። አራቱንም ጊዜ ቦርሳውን አወጣ። ከወጡት ሌሎች አንድም ሰው ተመልሶ አልገባም፤ ለሁሉም እኩል የሆነውን በር የተጠቀመበት እሱ ብቻ ነው። በአምስተኛው ቀናው። በጭፍን እየገፋ የቀሩትን አንድ በአንድ ጠረጋቸውና እኔና እሱ ቀረን፣ ቦሎቄያችንም እኩል ለእኩል ሆነ።

ሦስት ንግሥት መጣልኝ። ሁሉንም ገፋሁ። እሱ «እስቲ» ብሎ ገባ፣ ሁለት ካርታ ጥሎ ሁለት ወሰደ። አምስቱም አበባ ሆኑለት። ራሱ እንኳ ማሸነፉን ያወቀው ሌሎቹ ሲጮሁ ነው።

ባለ መኪናው ቁልፉን ሰጠውና ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለው። ስለ ሆስፒታሉ መሆኑን አወቅሁ። የደጃዝማቹ ልጅ ወደ እኔ ዞረ፣ ከልቡ ደንግጦ።

«እውነት? ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ለዝናብ ጊዜ ብዬ ነው እኮ፣ የኔዋ ጣራዋ ያፈሳል። በይ ውሰጃት።»

ቁልፉን ዘረጋልኝ። እጄ ቢዘረጋ ይነካዋል።

«ኧረ በፍጹም!» አልኩ። «አይሆንም። አንተ ነህ ያሸነፍከው።»

አሳዳጊ የበደላት አይደለሁማ። እኛ ቤት የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ሰጪው «በሞቴ» ይላል፣ አንቺ «ኧረ ተው» ትያለሽ፣ እሱ «እቀየማለሁ» ይላል፣ ያኔ ትቀበያለሽ። ስለዚህ ቆሜ ሁለተኛውን ጠበቅሁ።

ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«አንተ፣ በሞቴ በላት እንጂ!» አለ ባለ መኪናው።

«እሷ እኮ ናት አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው ያለችው፣» አለ የደጃዝማቹ ልጅ እየሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጨዋታ መስሎታል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ሊቀመንበሩ ነበር።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «አምጣት» ብል ይሰጠኝ ነበር፣ ይህን እንደ ስሜ አውቃለሁ። አላልኩም። ቀኑን ሙሉ ይሉኝታ አሰራቸው ብዬ ስንቃቸው የዋልኩ ሴት፣ ይሉኝታ ይዞኝ «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ ኮቴን ለበስኩ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ከናቅኋቸው ሁሉ አብልጬ የናቅሁት ራሴን ነው።

ሰኞ አረፈድኩ። ማክሰኞ አረፈድኩ። ረቡዕ ካውቶቡሱ ወርጄ ሮጥኩ፣ ደረስኩም፣ ግን አንድ ሰዓት አልፎ ደረቋ ሴትዮ በሩ ላይ ሰዓቷን እያየች ቆማለች። ተሰናበትሽ አለችኝ። እንደ አገሬ ልጆች እጅ ይውጣ አላለችም። ዓመት ሙሉ ኦክላንድ ውስጥ የሕመምተኛ አንሶላ ስቀይር ከርሜ እንደገና ከመጀመሪያው ተመዘገብኩ። ሰማያዊዋ መኪና አፕታውን በሚባለው ሰፈር፣ የደጃዝማቹ ልጅ ቤት ደጃፍ ቆማ ጎማዋ ተንፍሶ አይቻታለሁ። አንድ ቀን ሳልፍ የለችም፤ ማዘጋጃ ቤት ጎትቶ ወስዷት ኖሯል። እሱም አልፈለጋትም።

ዛሬ ሁላችንም ጡረተኞች ነን። ባለፈው ዓመት ሳንታ ክላራ አንድ ሰርግ ላይ ሊቀመንበሩ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ንግግሩ ያው። ያን ጨዋታ አያስታውስም። ሳህኑ ላይ አንድ ጉርሻ ክትፎ ቀርቶት ነበርና ለወጉ ያህል ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «አንቺ ብይው» አለኝ። እምቢ እንድለው ይጠብቃል፣ እጁ እንኳ ከሳህኑ አልተነሳም።

ሳህኑን ወሰድኩበትና በላሁት።