ድክመት አልታየም

ያኔ ግምገማ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ላይ የጋሪ ፈረሶች እንኳ ማታ ማታ ሂስና ግለ ሂስ ያደርጉ ነበር ብል የዋሸሁት ትንሽ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር የመጣው አስተባባሪ ሦስታችንን ነርሶች ሰብስቦ፣ «ከእንግዲህ አንዳችሁ የሌላችሁን የምክር ሥራ ቁጭ ብላችሁ ትመለከታላችሁ፤ በየወሩም ተገናኝታችሁ ያያችሁትን ትነጋገራላችሁ፤ ለመማማር ነው» ሲለን፣ ሦስታችንም ጥርሳችንን እያሳየን በሆዳችን አንድ ነገር አልን፤ መጡብን።

ሥራችን ማማከር ነበር። መጀመሪያ ለኤች አይ ቪ ምርመራ የሚመጣውን ሰው እንድናማክር ሠለጠንን። ቆይቶ በዘር ስለሚተላለፉ ችግሮች አጭር ሥልጠና ተጨመረልንና፣ የማይሰማ ወይም የማያይ ልጅ የወለዱ ቤተሰቦች ወደ እኛ ይላኩ ጀመር። እኔና አንድ ጠና ያለ ነርስ ፍኖተ ሰላም ነበርን፤ ሦስተኛዋ፣ ከሁላችንም ወጣቷ ሲስተር፣ ቡሬ። በዚያ ዘመን ሁሉ ሰው አንድ ለአምስት ይደራጅ ስለነበር፣ እኛ ሦስት ብቻ መሆናችን ራሱ አላማረኝም። የቀሩት የት ተደብቀው ነው የሚያዳምጡን?

ጠና ያለው ጓዴ ግምገማን በአካል ያውቀዋል። አንድ ጊዜ «በነፃነት ተናገሩ» ሲባል አምኖ ስለ አለቃው በነፃነት ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ከፈረስ ቤት ከተማ ማዶ ደጋ ላይ ተመድቦ ስንት ክረምት አሳለፈ። ብርዱ ከአፍ የወጣ ቃል ያደርቅ ነበር ይላል። በሚኒባስ ወደ ቡሬ ስንሄድ በጆሮዬ ያስጠናኝ ነበር።

«ምን አየህ ሲሉህ፣ ድክመት አልታየም በል። ጥንካሬ ጥቀስ ካሉህ ሰዓት አክባሪ ናት በል። ሌላ እንዳትጨምር።»

በመጀመሪያው ስብሰባችን እርስ በርስ የተመሰገንነውን ያህል ጻድቃንም አልተመሰገኑም።

በሁለተኛው ወር ተራው የእኔ ሆነና ሲስተር ስትሠራ ለማየት ቡሬ ሄድኩ። የመጡት ከገጠር አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር የባልየው እናት። ሁለት ልጆች ወልደዋል፤ ሁለቱም አይሰሙም። እናቲቱ ገና ሳይቀመጡ የመጡበትን ተናገሩ።

«የዚችን አጥንት እንድትመረምሩልኝ ነው። ከሷ መሆኑ ከታወቀ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች።»

ሚስትየው መሬት መሬት ታያለች። ባልየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። እናቲቱ ጥግ ላይ እኔን አዩኝ።

«ይሄስ ማን ነው?»

«የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ እማማ። ከፈቀዳችሁ እኔ ስሠራ ይመለከታል።»

«እሱንስ ማን ይመለከተዋል?»

ይህን ጥያቄ እኔም ሌሊት ሌሊት አስብበት ነበር። እሳቸው ግን፣ «ይቀመጥ፤ ወንበሩ እንደሁ የመንግሥት ነው» ብለው ፈቀዱልኝ።

ሲስተር ሥራዋ ያምራል። እርግማን እንዳልሆነ ነገረቻቸው፤ ድምጿን ዝቅ፣ ንግግሯን ቀስ አድርጋ። ከዚያ ዘር ትጠይቅ ጀመር። «በእናትሽ ወገን የማይሰማ አለ? በአባትሽስ?» ሚስትየው አንድ የአክስቷ ልጅ እንደማይሰማ ተናገረች። እናቲቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀና አሉ። በዚያች ደቂቃ በሩ ተንኳኳ፤ ውጭ ያለው ሕመምተኛ ከገበያው ይበዛል። ሲስተር ቀሪውን ለቅዳሜ ቀጠረቻቸው። እናቲቱ የርስት ክርክር እንደረታ ሰው ወጡ። በሩ ላይ ልጃቸውን፣ «ሰማህ? በራሷ አፍ» ሲሉት ሰማሁ።

ከሰዓት ጠና ያለው ጓዳችን መጣና ሦስታችን ተቀመጥን። ሲስተር የሆነውን ሁሉ ነገረችውና ወደኔ ዞረች።

«እህስ ጋሼ፣ ምን አየህ?»

«ድክመት አልታየም» አልኩ። ጓዴ በመምህር ኩራት ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ይመለሳሉ» አለች። «እናቲቱ ሊያፋቷቸው ነው። የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። አንተ ደግሞ አይተሃል፤ ስታይ አይቼሃለሁ።»

ነገሩ ይበልጥ አጠራጠረኝ። ሰላዮች ሰውን የሚያናግሩት እንዲህ አንጀት እየበሉ አይደለም? ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ክትባት የሚወስድ ሕፃን እንኳ ጆሮውን ወደኔ ያቀና መሰለኝ። ጓዴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ሲስተርን ሳያት ግን ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ሰላይ ደግሞ እንዲያ አያለቅስም፤ ካለቀሰም የሠለጠነው ከእኛ የተሻለ ቦታ ነው። ስለዚህ እንደ ልማዴ በቀልድ በኩል ዞሬ ገባሁ።

«እኔ ያየሁት ባልየውን ነው። ከሰማይ ዱብ ያለ ሰው መሰለኝ። እናት አለችው እንጂ ዘመድ የለውም፤ አንድ ጥያቄ እንኳ አልደረሰው።»

ማስታወሻዋን ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የሷን ወገን ብቻ ነው የጠየቅኩት» አለች። «እኔው ፈረድኩባት።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ ጓዴ። «ጠዋት አልነበርኩም።» መስኮቱን ዘግቶ ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ ግን አላስቻለውም። «ከባልየው ጀምሪ። እናቲቱን ደግሞ ከሳሽ አታድርጊያቸው፤ ዘር ቆጣሪ አድርጊያቸው። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው ቁጠሩልኝ በያቸው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም።»

ቅዳሜ ያንኑ ወንበር ያዝኩ። ሲስተር፣ «እማማ፣ የልጅዎን ዘር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እስቲ በአባቱም በእርስዎም በኩል ይቁጠሩልኝ» አለቻቸው። እናቲቱ ደስ አላቸው። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያወርዱት ጀመር፤ ማን የማን ልጅ፣ ማን የት እንደተዳረ። የራሳቸው አባት ቤት ሲደርሱ ግን ፈጠን አሉ።

«እማዬ፣ አጎቴን ዘለልሽው» አለ ባልየው። አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ነበር።

«የቱን?»

«ንብ ጠባቂውን።»

«እሱማ ዝምተኛ ነበር እንጂ ምን ነበረበት።»

«መብረቅ ከጎኑ ሲወርድ ቀና ብሎ የማያይ ዝምተኛ።»

ሲስተር ልጅ ከአባቱም ከእናቱም እኩል እንደሚወስድ፣ ራሳቸው የሚሰሙ ሁለት ሰዎች ችግሩን ሳያውቁ ተሸክመውት ልጃቸው ላይ ሊገናኝ እንደሚችል፣ እዚህ ቤትም የሆነው ይህ እንደሚመስል፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ አስረዳች። እናቲቱ እሷን አልሰሟትም። የሚያዩት እኔን ነው።

«ይህን ያስጠየቅከኝ አንተ ነህ። ማን ላከህ? የሷ ወገኖች ናቸው ወይስ ቀበሌ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኔ የሚጠረጥር ሰው አገኘሁና ልቤ ሞቀ።

ባልየው ባርኔጣውን ደፋ። «እማዬ፣ እሷን ወደ ወላጆቿ ከመለስሻት እኔንስ ወዴት ትመልሽኛለሽ?»

እናቲቱ ተነሥተው ወጡ። በመስኮት ስንመለከት ጋሪው ላይ ወጥተው መሐል ላይ ተኮፈሱ፤ ባልና ሚስቱ መሬት ላይ ቆመዋል። እናቲቱ ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ውጡ እንጂ፤ ልጆቹ ብቻቸውን አይደል የዋሉት?» አሉና ለሚስትየው ሦስት ጣት የምታህል ቦታ ለቀቁላት። እሷም ወጣች። ጋሪው ሄደ።

በቀጣዩ ወር ሲስተር ፍኖተ ሰላም መጥታ እኔ ስሠራ ተመለከተች። ማታ ላይ ሦስታችን ተቀመጥንና ምን እንዳየች ጠየቅኳት፤ ምስጋና ጠብቄ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው ታስቃለህ» አለች። «ሲስቁ ግን ሊጠይቁ የመጡትን ረስተው ይወጣሉ።»

ድክመት አልታየም እንዲልልኝ ወደ ጓዴ ዞርኩ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ መስኮቱ መዘጋቱን አየ። «እኔም ታዝቤዋለሁ» አለ።

ሁለቱ አስቀድመው ተመካክረው እንደነበር እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።