በወረቀት ሠላሳ ሰባት

ሐኪም ለመሆን የወሰንኩት አንዴ አይደለም። ቢያንስ ስድስት ጊዜ ወስኛለሁ፤ ስድስቱንም ጊዜ ለከርሞ ብያለሁ። ነርስ ነኝ። ዲግሪ ያለው የጤና ባለሙያ ተፈትኖ ሕክምና የሚማርበት መንገድ አለ። በየዓመቱ ማስታወቂያ ይወጣል፣ እኔም በየዓመቱ አነበዋለሁ፣ ከዚያ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ በሽተኞቼ እመለሳለሁ።

ምክንያት አጥቼ አላውቅም። መጀመሪያ የነበረኝ ዲፕሎማ ብቻ ነው፤ ዲግሪውን በየክረምቱ እየተማርኩ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ዲግሪው ሲመጣ ልጅ መጣች። ልጅቷ ጡት ስትተው እናቴ ታመመች። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ወደ አኺራ ስትሄድ ባለቤቴ ማስተርሱን ጀምሮ ነበር፤ እሱ ይጨርስና አንቺ ትቀጥያለሽ ተባልኩ። እሱ ሲጨርስ ሁለተኛዋን አርግዣለሁ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ በሱ ማመካኘት ስለሚቀለኝ ነው። የመከረኝ ሰው ሁሉ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኛል። እኔ መቸኮሉ ቀርቶ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ ለሚለኝ ሰው የምሰጠው ያማረ መልስ አለኝ፤ ለቃለ መጠይቁ ያዘጋጀሁት ነው። እውነተኛው መልስ ግን ጎግ ነው። እዚሁ ጋምቤላ፣ ጎግ ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት እናት ወልዳ ደም አልቆም አላት። ክረምት ነበር፤ አምቡላንሱ አቦቦን አልፎ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። የማውቀውን መርፌ ወጋሁ፣ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍኩ። ሪፈር መጻፍ እችልበታለሁ፤ ጽሕፈቴ ያምራል። አማቷ፣ አንዲት ረጅም የአኙዋ እናት፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ «ዶክተር፣ አሁን ምን ይሁን?» አለችኝ። ገጠር ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። መኪና እንጠብቅ አልኳት። መኪናው ሳይመጣ፣ ከሰዓት በኋላ ወላዷ ሞተች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶክተር ሲሉኝ ቶሎ ብዬ «ዶክተር አይደለሁም» እላለሁ። ለሟች ይህ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

አሁን የምሠራው ትየርኪዲ ነው፣ በስደተኞች ካምፕ ጤና ጣቢያ። አዳሬ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ነው፤ ቤተሰቤ ጋምቤላ ከተማ ነው። ዘንድሮ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ገባች። ባለቤቴ ተስማማ፣ እንዲያውም ከኔ በላይ ጓጓ። አለቃዬ ሁለት ወር ካመላለሰኝ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤዬን ፈረመልኝ። በረሳሁት ኬሚስትሪ ላይ ስድስት ወር ተቀምጫለሁ፤ በሽተኛ ቀለል ሲል መጽሐፉን ከመዝገቡ ሥር አውጥቼ አነባለሁ፣ ባልደረቦቼም «ፕሮፌሰር» እያሉ ይስቁብኛል። ምዝገባ መጀመሩ ሲነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያት አልነበረኝም። ደስታዬ ከልክ ያለፈ ነበር።

ማስታወቂያው ግን አምና ያልነበረ አንድ መስመር ጨምሮ መጣ። ዕድሜ ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ። ሳነበው ሳቅሁ፤ ሠላሳ አራት ነኝ፣ ለጥቂት አመለጥኩ ብዬ። ሳቄን ሳልጨርስ በወረቀት ሠላሳ ሰባት መሆኔ ትዝ አለኝ።

ይሄ ቤታችን ውስጥ የታወቀ ቀልድ ነበር። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ አካባቢ የሰፈሩ ናቸው። እናቴ ትነግረኝ እንደነበረው አባቴ የራሽን ስንዴ ከፍ እንዲልለት ብሎ ሦስት ዓመት ጨምሮ አስመዘገበኝ። ስሜም እንደ ዕድሜዬ ሁለት ነው፤ ቤት የምጠራበት ሌላ፣ ትምህርት ቤት የተመዘገብኩበት ሌላ። የብዙ ሰው ነገር ስለሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሥራ ቦታ እንኳ ከናንተ ሦስት ዓመት ቀድሜ ጡረታ እወጣለሁ እያልኩ እቀልድ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለኔ ነው።

ባለቤቴ በስልክ የሦስት ቀን ሥራ ነው አለኝ። ዕድሜ የሚያስተካክለው ስንቱ ነው፤ አባትሽ በሕይወት አሉ፣ ቀርበው ለስንዴ ብዬ ነው ብለው ይመስክሩ፣ ወረዳው ያረጋግጥልሻል፣ እሱን ይዘሽ ፍርድ ቤት ትሄጃለሽ። ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ፣ ቀኑ ሰኞ። ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ አቦቦ ወረድኩ።

አባቴ በቆሎውን እየኮተኮተ አገኘሁት። ሰባውን ካለፈ ቆይቷል፤ ጆሮው ደከም ብሏል እንጂ ጉልበቱ አለ። ማንጎው ሥር ተቀመጥንና ነገርኩት። ጮክ ብዬ፣ እየሳቅሁ፣ ያኔ ያሳደግኸኝን አሁን አሳንሰኝ አልኩት። አልሳቀም። ተነስቶ ውዱ አደረገ፣ አሱርን ሰገደ፣ ከወትሮው ቆይቶ መጣ። ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቴን አላየም።

«ያ ዕድሜ የውሸት አይደለም ልጄ» አለ። «የእኅትሽ ነው።»

እኅት እንዳለችኝ አላውቅም ነበር። እኔ ስወለድ ሦስት ዓመቷ ነበር። መንግሥት ሊለወጥ አካባቢ፣ እኔ የጥቂት ወር ልጅ ሳለሁ፣ ወባ ይዟት በሁለት ቀን ሞተች። ስንዴ የሚታደለው በዚያው ሳምንት ነው። የሞተ ሰው ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ እኔ ደግሞ ገና አልተጻፍኩም፣ አዲስ መጻፍም ቆሟል። የሚያድለው ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል ስሟን ጠራ። አባቴ «አለች» አለ። በሚቀጥለውም ወር «አለች» አለ። እንደሱ ብቻ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሞተው ስንዴ የሚቀበሉ ልጆች በየቤቱ ነበሩ፣ ጎረቤት ከጎረቤት አይነጋገርበትም። ለልጅ ስለማይለቀስ ሳይሆን ልቅሶው እንዳይሰማ እናቴ አፏን በነጠላ ይዛ ነበር ያለቀሰችው። እኔ ለትምህርት ስደርስ በቤተሰቡ ቅጽ ላይ ያለችው ሴት ልጅ አንድ ነበረች፤ እሷን ሆኜ ተመዘገብኩ።

ይህን ሲነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ዓርብን ነው። ስለእሷ አላዘንኩም፣ ስለ እናቴም አላዘንኩም፤ ዓርብ ደረሰ ብዬ ነው የደነገጥኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ግን የሆነው ይሄ ነው።

አባቴ ሄጄ እናገራለሁ አለ። አላስገደድኩትም፤ በንጋታው የጁምዓ ኮቱን ለብሶ ደጅ ላይ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ የልደትና የሞት ምዝገባ የያዘው አንድ ወጣት አኙዋ ነው። ሲስተር ብሎ ተቀበለኝ፣ ለአባቴ ወንበር ሳበለት። አባቴ የተጠየቀውን መመለስ ነበረበት፤ እሱ ግን ያልተጠየቀውን ሁሉ ተናገረ። ስለ ፀጉሯ ተናገረ፣ ማን አስከሬኗን እንዳጠበ፣ ማን ጉድጓድ እንደቆፈረ፣ ከእርሻው ዳር የነበረው መቃብሯ ሰፈሩ ሲነሳ እንዴት እንደጠፋ። ሠላሳ አራት ዓመት ለማንም ያላወራው ሰው ለማያውቀው ልጅ ሁሉንም ነገረው። ወጣቱ እየጻፈ ቆይቶ መሐል ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሲስተር፣ ይሄን ከጻፍኩ ያ ስም የሞተ ሰው ስም ሆነ ማለት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የስምንተኛ ክፍል ካርድሽ፣ ዲግሪሽ፣ የሙያ ፈቃድሽ፣ ሁሉም በሱ ነው። አንቺ ማን ነሽ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?»

ዶክተር ልሆን መጥቼ ነርስነቴንም ላጣ ነው። ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ ለመንኩት፤ መለመን ነው ሌላ ስም የለውም። ልጁ ደግ ነው፣ አሰበልኝ። አንድ መንገድ አለ አለ። አባባ የተናገሩትን እኔ አልሰማሁም፤ ለስንዴ ዕድሜ ጨምሬባት ነው ይበሉ፣ ያኔ የሚስተካከለው ያንቺው የራስሽ ዕድሜ ነው። ብቻ ቅጹ ላይ ከሷ በፊት የተወለደች ሴት ልጅ የለችኝም የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ያትሙ።

አዲስ ቅጽ አወጣና ሞላው። ለአባቴ ቀስ ብሎ፣ ጮክ ብሎ አነበበለት፣ የለችኝም የምትለዋን መስመር ሁለቴ አነበበለት። አባቴ ገባው። ምንም አልተቆጣም። «እሷ ትማርበታለች?» አለ፤ አዎ ተባለ። አውራ ጣቱን ዘረጋ፣ ልጁ ቀለሙ ላይ ጫን አደረገለት።

እንዲያትም ፈልጌ ነበር። ይህን ሳልናገር ብቀር ይሄን ሁሉ መጻፌ ዋጋ የለውም። እኔ አትም ሳልለው፣ በራሱ እንዲያትምና ነገሩ በሱ ላይ እንዲያልቅ ፈልጌ ነበር። ዓይኔን መስኮቱ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ፤ ውጭ ባጃጆቹ ይተራመሳሉ። እሱም እኔን ይጠብቅ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ያደርገው ነበር፤ ለኔ ያላደረገው ነገር የለም። ጣቱ ከወረቀቱ በላይ እንዳለ ወደ ልጁ ዞረ።

«እሺ፣ እኔ የለችም ልበል» አለ። «እሷስ ታዲያ የት ትጻፍ?»

ልጁ እኔን አየኝ። የአባቴን እጅ ይዤ ዝቅ አደረግሁትና በነጠላዬ ጫፍ ቀለሙን ከጣቱ ጠረግሁ።

«ተወው» አልኩት ልጁን። «ሠላሳ ሰባት ነኝ።»